ኤሲው ጠዋት ይሠራል፣ ገርባ ላይ ያቆማል

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በንዴት ነበር። አሁን ተረጋግቻለሁ። በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ የተባባልነውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንደገና ልጻፈው። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን ከመክተቱ በፊት ያንብበው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህ ነበር። መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። በፈረንጅ የ1996 ሞዴል፣ ሞተሯ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሰኞ ሰኞ እናቴን ወደ ባቲ ይዣት እወርዳለሁ። የተወለደችው እዚያ ነው፣ ዘመዶቿም በገበያ ቀን ነው የሚገናኙት። እናቴ አስም አለባት። መስኮት ከፍተን ከሄድን አቧራው ደረቷን ይይዘዋል። መስኮት ዘግተን ከሄድን ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም። ስለዚህ ኤሲ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከቤት ስንነሳ ኤሲው ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በባቲ መንገድ ላይ ያለችውን ደጋንን አልፈን ገርባ አካባቢ ስንደርስ የሚነፍሰው ሞቃት አየር ነው። ሁለት ጋራዥ ሄድኩ። በጠቅላላው 3 ጊዜ ጋዝ ተሞላልኝ። በተሞላ ቁጥር እዚያው ጋራዡ በር ላይ ግሩም አድርጎ ያቀዘቅዛል። በሚቀጥለው ሰኞ ገርባ ላይ ያው ነው። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ሁሉ ጋዝ የት ነው የሚሄደው?

ቁጥር 1 ሆኖ የመለሰልኝ ትሁት ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ስለ እናቴ ጤና ጠየቀ። ቀጥሎ የኤሲ ጋዝ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ አስረዳኝ። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል። ጋዙ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ላይ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ቫልቭ አልፎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተር ላይ ሲተን የጋቢናውን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ተመልሶም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይገባል። ዝግ ዙር ነው። ጎደለ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። 3 ጊዜ ከተሞላ ወይ በግልጽ የሚታይ ቀዳዳ አለ፣ ወይ ከመጀመሪያውም ጋዙ አልጎደለም። ይህችን የመጨረሻ ሐሳብ ያኔ ዝም ብዬ አለፍኳት። ባላልፋት ኖሮ ሁለት ሳምንት ባተረፍኩ ነበር።

ቁጥር 2 የደሴ ሹፌር ነው። ቀዳዳ ለመፈለግ የሳሙና አረፋ እንዳዘጋጅ መከረኝ። ከጋዙ ጋር የኮምፕሬሰሩ ዘይት አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ የሚወጣበት ቦታ ቅባት ይኖረዋል፣ ቅባቱም አቧራ ይይዛል። የኮንደንሰሩን ፊት፣ ጎማ ቱቦው ከብረት ጋር የሚገናኝበትን፣ የኮምፕሬሰሩን አፍንጫ በባትሪ መብራት አየሁ። አረፋም ቀባሁ። ሁሉም ደረቅ ነው። ይህን ጻፍኩለት።

ቁጥር 3 መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች ጋዟ የድሮው የኤሲ ጋዝ አር 12 መሆን አለበት፣ ሰዎቹ አዲሱን 134 ስለጨመሩበት ተበላሽቷል የሚል ነበር። በጣም እርግጠኛ ሆኖ ነው የጻፈው። ቁጥር 4 ወዲያው አረመው፤ እርማቱም ትክክል ነው። አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ እንዲቀነስ፣ በኋላም ጭራሽ እንዲቆም ተወሰነ። መኪና ሠሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ አር 134ኤ ዞሩ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ የ1996 መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ በ134 ነው የምትወጣው። መገመትም አያስፈልግም። ኮፈኑ ስር ጽሑፍ ተለጥፏል። የመሙያ አፎቹም ይለያሉ። የአር 12 አፍ በጥርስ የሚጠብቅ ብሎን ነው፣ የ134 ግን ጠቅ ብሎ የሚገጠም ነው። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። 134 ይላል። ቁጥር 3 ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

ከ5 እስከ 8 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ ከደሴ ሆኖ ኤሲ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ጦሳ ተራራ ስር ቁጭ ያለ ሰው ጋቢውን ይደርባል እንጂ ኤሲ አይከፍትም ነው ሐሳቡ። የኮምቦልቻ ልጆች ተነሱበት። 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ እንዲያይ ጋበዙት። እውነት ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከደሴ ሹራብ ለብሶ የተነሳ ሰው ቦርከና ድልድይ ሲደርስ ያወልቀዋል። ከዚያ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ሲወረድ ያለውን ሙቀት የሄደበት ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ ጨዋታ መሃል ግን ቁጥር 7 ቁም ነገር ጣለ። እሷ መምህርት ናት፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ትመላለሳለች። ኤሲ በብርድም እንደሚጠቅም ጻፈች። ኢቫፖሬተሩ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱን ውሃ አድርጎ ያወርደዋል። ውሃው በቱቦ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ክረምት ላይ ሐረጎ በጭጋግ ተሸፍኖ መስታወት ሲያልብ፣ ኤሲና ማሞቂያ አብረው ሲከፈቱ መስታወቱ ቶሎ ይጠራል። ይህን ብዙ ሹፌር አያውቀውም። በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው እጁ በጨርቅ ይጠርጋል። ያ ዳገትና ጠመዝማዛ ላይ! ጽሑፏን ካነበብኩ በኋላ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ቁጥር 9 ወደ ናፍጣ ሞተር መለሰን። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከፍታ ላይ አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ደሴ አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚያ ላይ ኮምፕሬሰር ሲጨመርበት መኪናው ያቃስታል። እሱ ሐረጎን ሲወጣ ኤሲውን ያጠፋል። ሌላም ነገር ነገረኝ። መኪናው ቆሞ ሳለ ኤሲ ሲበራ የሞተሩን ዙር ትንሽ ከፍ የሚያደርግ፣ በቫኪዩም ማለትም በአየር መምጠጥ የሚሠራ ክፍል አለ። ናፍጣ ሞተር በራሱ እንደ ቤንዚን ሞተር ቫኪዩም አይፈጥርም። በዚህ ሞተር ቫኪዩሙ የሚመጣው ከዲናሞው ጀርባ ከተገጠመ ፓምፕ ነው። ቀጭኗ ቱቦ ከተሰነጠቀች ዙሩ ይወርዳል፣ መኪናውም ይንቀጠቀጣል። የኔ ግን አይንቀጠቀጥም። አመስግኜው አለፍኩ።

ቁጥር 10 ላይ ነገሩ መረረ። አንድ ሰው በ134 ፋንታ የማብሰያ ቡታጋዝ እንዳስሞላ መከረኝ። ርካሽ ነው፣ እንዲያውም የበለጠ ያቀዘቅዛል፣ እኔ ሁለት ዓመት እየሠራሁበት ነው የሚል ነው። ቁጥር 11 በኃይል መጣበት። ምላሹን እዚህ እንደነበረ መድገም አልፈልግም፣ ስድብ ነበረበት። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ኢቫፖሬተሩ ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት በላይ ነው። ቢያፈስ ጋዙ የሚሞላው ጋቢናውን ነው። አንድ ክብሪት ወይም አንድ የሽቦ ብልጭታ ይበቃል። ቡታጋዝ ማቀዝቀዙ እውነት ነው። ለሱ ታስቦ ባልተሠራ አሮጌ መኪና ውስጥ አስገብቶ እናትን ማሳፈር ግን አይገባም። ቁጥር 12 ባለ ቡታጋዙን ደግፎ ተነሳ። 11 መለሰለት። ሁለቱም ስለ ጋዝ ረስተው ስለ አስተዳደግ ማውራት ጀመሩ።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። እባካችሁ ወንድሞቼ ብዬ ለመንኳቸው። ሁለቱም በረዱ። ቁጥር 13 ግን በዚያው መንፈስ፣ ቀዳዳ ለመፈለግ ከበያጅ ቤት ኦክስጅን አስነፍቼ እንዳይ መከረኝ። ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከ11 ጋር አንድ ላይ መለስንለት። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የኤሲው ውስጥ ደግሞ ዘይት አለ። በጋዝ ሲሊንደር የሚፈተነው በናይትሮጅን ነው፣ በግፊት መቆጣጠሪያ። ይህን ያነበበ ማንም ሰው ይህችን ነገር ብቻ ይያዝልኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የክሩ ምርጥ ክፍል ነው፤ ስለራሴ መኪና ባይሆንም። ቁጥር 14 ደሴ ያለ ባለ መኪና ነው። ኤሲው ሲጠገን ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ተመጦ ነበር። የግፊት መለኪያው (የጌጁ) መርፌ ግን 22 ኢንች ላይ ደርሶ ቆመ። ባለሙያው በስልኩ ላይ ባየው መሠረት 29 መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ሲስተሙ ያፈሳል ብሎ ኢቫፖሬተሩን ለማውጣት ዳሽቦርዱን ሊበትን ነው። ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ቁጥር 15 አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ አትበትን። ቀጥሎ ሰፋ አድርጎ መጣ። ጌጁ የሚለካው ውስጥ ያለውን አየር ሳይሆን፣ ውስጡ ከውጭው ምን ያህል እንደሚያንስ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ይገፋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሲመጠጥ መርፌው ወደ 30 ይጠጋል። ደሴ ላይ የውጭው አየር ራሱ 22 ኢንች ገደማ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 24 ገደማ። ከሌለ ነገር ላይ መቀነስ አይቻልም። ደሴ ላይ 22 ማለት እንግዲህ ውስጡ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ቀዳዳ መኖሩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን አይይ። ፓምፑን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። መርፌው ካልተነቃነቀ ዳሽቦርድ የሚያስበትን ቀዳዳ የለም።

ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ዳሽቦርዱ ተበትኖበታል? መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው። ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም። ቁጥር 14 በማግስቱ ተመልሶ መርፌው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ እንዳላለ ጻፈ። ዳሽቦርዱ ተረፈ።

ቁጥር 16 ሰላምታ የለውም። ከላይ ያሉትን ሁሉ ጋዝ ጋዝ ስትሉ ከረማችሁ ብሎ ወቀሰ። እኔንም አንድም ጊዜ ኤሲው ባቆመበት ሰዓት ኮፈን ከፍተህ አላየህም ብሎ ገሠጸኝ። ቃሉ ጎረበጠኝ። ግን እውነቱን ነው። ሁልጊዜ ገርባ ላይ መስኮት ከፍቼ እቀጥላለሁ፣ ኮፈን የሚከፈተው ኮምቦልቻ ጋራዥ ደርሰን ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሦስት ጥያቄ ሰጠኝ። ባቆመበት ቅጽበት ኮምፕሬሰሩ ፊት ያለው ክብ ሳህን ይዞራል ወይስ ቺንጊያው ያለበት ፑሊ ብቻ ነው የሚዞረው? ሳህኑን ስቦ ከፑሊው ጋር ወደሚያያይዘው ማግኔት የምትሄደው ሽቦ ላይ መብራት አለ? ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ሲሰጠው ማግኔቱ ቀጭ ይላል?

ሰኞ ደረሰ። እናቴን ይዤ ወጣሁ። የጥርስ ሐኪም የሚመስል ዕቃ ይዣለሁ፦ የሙከራ አምፖል፣ ሁለት ሜትር ሽቦ፣ አጭር ዱላ። ገርባ ልንገባ ስንል አየሩ ሞቀ። ዳር ያዝኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ እጄን ሳላስጠጋ ተመለከትኩ። ፑሊው ይዞራል። ሳህኑ ቆሟል። አምፖሉ በራ፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እየደረሰ ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ሰጠሁት። ዝም አለ። ሽቦው እንደተገናኘ ሳህኑን በዱላው ጫፍ ገፋ አደረግኩት። ቀጭ! ተያዘ። እናቴ በመስኮት ምን አገኘህ ብላ ጠየቀችኝ። ስላገኘሁት ነገር ምንም አላውቅም ነበር፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ይህን ቁጥር 17 አድርጌ ጻፍኩ። ያ ቁጡ ሰውዬ 18 ላይ መልሱን ይዞ መጣ፣ አሁን ድምፁ ለስልሷል። ማግኔቱ በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለውን ስስ ክፍተት ተሻግሮ ነው ሳህኑን የሚስበው። በዚህ ዓይነት የዴንሶ ኮምፕሬሰር ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሳህኑ በዓመታት ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ጠዋት ማግኔቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንደምንም ይስበዋል። ሲሞቅ ግን የመዳብ ሽቦው ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከብደዋል። በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ነው። 70 ዲግሪ ሲጨምር ከሩብ በላይ ሆነ። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል፣ ማግኔቱ ይደክማል፣ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። ጋራዥ እስክደርስ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጋዝ ይሞላል። ኤሲው ይሠራል። ሁላችንም ጋዙ ነው የሠራው ብለን እናምናለን።

ያኔ ነው የቁጥር 1 ሐሳብ ትዝ ያለኝ። ጋዙ ከመጀመሪያውም አልጎደለም ነበር።

ቁጥር 19 ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ጋሼ ናቸው። ለብዙ ዓመት የትልልቅ መኪና ኤሌክትሪክ ሠርተዋል። ልጄ አምጣት አሉኝ። ሄድኩ። ስስ የመለኪያ ብረቶቻቸውን ከጨርቅ አውጥተው ክፍተቱን ለኩ። 0.9 ነው። መሃሉን ብሎን ፈትተው ሳህኑን አወጡት። ከሥሩ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። አንዷን የ0.5 ሚሊ ሮንዴላ አውጥተው መልሰው አሰሩት። አሁን 0.4 ሆነ። አዲስ ዕቃ አልተገዛም። የፈጀው ቡና እስኪፈላ ነው።

እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። ሦስት ጊዜ ያለ ሚዛን የተጨመረው ጋዝ አሳስቧቸዋል። ጋዝ ሲበዛ የኮንደንሰሩ በኩል ያለው ግፊት ይጨምራል። ኮምፕሬሰሩ ለመዞር ይከብደዋል፣ የደከመው ሳህንም እየተንሸራተተ የበለጠ ይበላል። ማለትም ሕክምናው በሽታውን ሲያባብስ ነበር። የጋዙን እርጥበት የሚይዘው ማድረቂያ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት አረፋ አላሳየችም። አረፋ አለመኖሩ ግን ልክ መሆኑን አይናገርም። የበዛም ጋዝ ጥርት ያለ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጋዙ በማሽን ወጣ፣ ኮፈኑ ስር በተጻፈው ግራም ልክ ተመዝኖ ተመለሰ። የከፈልኩት ለዚህ ብቻ ነው። ለሮንዴላው ገንዘብ አልቀበልም አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

በሚቀጥለው ሰኞ ደጋንን አለፍን። ገርባንም አለፍን። እናቴ ባቲ እስክንገባ ሻርፗን አላወለቀችም። ቀዝቅዟታል፣ ግን ቀንስ አላለችኝም።

ከ20 በኋላ ያሉት አጫጭር ናቸው። ባለ ቡታጋዙ ጋዙን ለማስወጣት ወስኖ የትኛው ጋራዥ ሚዛን እንዳለው ጠየቀ። 11 ራሱ ነው የመለሰለት፣ በጨዋ ቃል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር የእሱ ኤሲ ሲሄድ እንደሚቀዘቅዝ፣ ሲቆም ግን እንደሚሞቅ ጻፈ። ያ የኔ ዓይነት ችግር አይደለም። የፋኑ ክላች ደክሞ ወይም ኮንደንሰሩ በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ክር እንዲከፍት ነገርኩት። የመጨረሻውን የጻፈው ያው ቁጥር 18 ነው። ሳህኑ መበላቱን እንደማያቆም፣ ከሥሩ የቀሩት ሮንዴላዎች ስንት እንደሆኑ ጋሼን እንድጠይቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሙቀት ከመግባቱ በፊት እንደገና እንዳስለካ አስጠነቀቀኝ። ጠየቅኩ። አንዲት የ0.3 ሚሊ ቀርታለች።